የሱዳን ሁከት ከሮቤ ሲታይ



ስለ ጎረቤታችን ስለ ሱዳን ሁከት በተከበረው ጋዜጣዎ ብዙ ጊዜ ተጽፎ አንብበናል። እኔም በበኩሌ፣ ከአዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርቄ በሲናና ደጋ፣ በሮቤ ከተማ የምኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆኔ፣ ነገሩን ከዚህ ሆነን እንዴት እንደምንከታተለውና በመከታተላችን ውስጥ የሚጎድለው ምን እንደ ሆነ ጥቂት ቃል ልጨምርበት ስለ ፈለግሁ፣ ይህችን አስተያየቴን በአንባቢያን አምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሮቤም ሆነ ጎባ ዛሬ የቴሌቪዥን ሰሐን ያልተተከለበት ቡና ቤት ማግኘት ያዳግታል። በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም፣ ከሥራ መልስ አንድ ስኒ ቡና ይዞ የዐረብ ጣቢያዎችን መመልከት በብዙዎቻችን ዘንድ እንደ ልማድ ሆኗል። በዚህ አገር በልጅነቱ የሃይማኖት ትምህርት ተምሮ ዐረብኛ የለመደ ሰው ብዙ ስለ ሆነ፣ ዐረብኛውን የሚያውቀው ወደ ኦሮምኛ ይመልሰዋል፤ ኦሮምኛ ለማይሰማው ደግሞ ከጎኑ ያለው በአማርኛ ይደግምለታል። መተርጐማቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በሦስት ወንፊት ያለፈ ዱቄት ሲጠራ፣ በሦስት አፍ ያለፈ ወሬ እየተምታታ መሄዱ አልቀረም። በሣጥኑ ፊት «ከተማይቱ ተከበበች» ተብሎ የተነገረው፣ ከበሩ አጠገብ ለተቀመጠው ሰው ሲደርስ «ተያዘች» ይሆናል።

ከዚህም የባሰው ወገን መለየታችን ነው። በእግር ኳስ እንደሚደረገው ሁሉ አንዱ የጄኔራል አብዱልፈታህ አል ቡርሃን፣ ሌላው ሄሜቲ እየተባሉ የሚጠሩት የጄኔራል መሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ ደጋፊ ሆኖ ይከራከራል። በሻይ ሰዓት የተነሣ ክርክር እስከ ምሳ ዘልቆ ባለጉዳይ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ያየሁበት ቀን አለ። በአንድ ወቅት ከተከራካሪዎቹ አንዱን፣ «በኒያላ ከተማ የሚኖር አንድ አስተማሪ አሁን ደመወዙን ከማን ይቀበላል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ይህ ከጦርነቱ ጋር ምን አገናኘው?» ሲል መለሰልኝ። እኔ ግን የጦርነቱ ዋና ነገር ይኸው ይመስለኛል፤ ይህንም ብዕር ያነሣሁበት ምክንያት ይህ ነው።

ቴሌቪዥን የሚያሳየው የሚፈነዳውን፣ የሚቃጠለውንና የሚፎክረውን ነው፤ በዚህም ልንወቅሰው አይገባም፣ ተፈጥሮው ነውና። አገር ግን የሚፈርሰው መድፉ ከመተኰሱ በፊት በመሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። በበጀት ደብተር፣ በፔሮል ላይ፣ በዳቦ ዋጋ፣ አንድ መንግሥት ሁለት የጦር ሠራዊት ሲያቆምና ሁለቱም የየራሳቸውን ካዝና ሲከፍቱ ነው። ይህን ደግሞ ከማንም ይልቅ መረዳት የሚገባን፣ ውሎአችን ከደብተርና ከፔሮል ጋር የሆነው እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ነን።

እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው እንመልከተው። የሱዳን ሁከት የተነሣው በጄኔራሎች ጠብ አይደለም፤ በዳቦ ነው። በ2011 ዓ.ም. የአንዲት ዳቦ ዋጋ ከ1 የሱዳን ፓውንድ ወደ 3 ፓውንድ ከፍ ባለ ጊዜ፣ የባቡር ሠራተኞች ከተማ በሆነችው በአትባራ ሕዝቡ ታኅሣሥ 10 ቀን አደባባይ ወጣ። እኛ የስንዴ አገር ሰዎች ነን። በገናውም በቦናውም መኸር ኮምባይነር ሲናና ሜዳ ላይ ሲወጣና ሲወርድ እያየን የምንኖር ስለ ሆነ፣ ዳቦ በሦስት እጥፍ ሲጨምር በአንድ የሠራተኛ ቤት ውስጥ ምን እንደሚደርስ ማንም ሊያስረዳን አያሻም።

ቀጥሎ የሆነውም ለእኛ ለሠራተኞች የሚቀርብ ነገር ነው። ሐኪሞች፣ አስተማሪዎች፣ ጋዜጠኞችና ሌሎች የሙያ ሰዎች የተሰባሰቡበት የሱዳን ባለሙያዎች ማኅበር በዚያው ወር ወደ ምክር ቤቱ በሰልፍ ሊሄድ ያቀደው የደመወዝ ወለል ከፍ እንዲል ለመጠየቅ ነበር። የአትባራው ነገር ከተነሣ በኋላ ግን ጥያቄው ተለውጦ፣ ሰልፉ ወደ ቤተ መንግሥት ዞረ፤ የሚጠየቀውም የፕሬዚዳንቱ መውረድ ሆነ። ሠላሳ ዓመት የገዙት ኦማር አል በሺር ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። ነገሩ ለሱዳኖች አዲስ አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. ጄኔራል አቡድን፣ በ1977 ዓ.ም. ጄኔራል ኒሜሪን ያወረደው የባለሙያዎችና የሠራተኞች የሥራ ማቆም ነበር። (በነገራችን ላይ 1957 ዓ.ም. የእኛ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረበት ዓመት ነው፤ ነገር ግን ያን ጊዜ እንኳን ሮቤ፣ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ የነበረችው ጎባም ቢሆን ሥዕሉን ለማየት አልታደለችም።)

ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ስለሚያስታውሰው በአጭሩ አልፈዋለሁ። ግንቦት 26 ቀን 2011 ዓ.ም. በካርቱም በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ተቀምጠው የነበሩ ሰዎች ተገደሉ፤ ኢንተርኔትም ከአንድ ወር በላይ ተዘጋ። የእኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ግንቦት 30 ቀን ለማስታረቅ ካርቱም ሄዱ፤ አምባሳደር ማሕሙድ ድሪርም ከአፍሪካ ኅብረት መልእክተኛ ጋር ሆነው ብዙ ደከሙ። ነሐሴ 11 ቀን ሲቪሎቹና ወታደሮቹ አብረው ለማስተዳደር ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ ሱዳኖችን ስታስማማ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ በ1964 ዓ.ም. የደቡቡን ጦርነት ለአሥር ዓመት ያህል ያበረደው ውል የተፈረመው በአዲስ አበባ ነው። የነሐሴው ውል ግን ረጅም ዕድሜ አላገኘም፤ ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ወታደሮቹ ሲቪሎቹን አሰሩ።

አሁን ደግሞ ቴሌቪዥኑ ሊያሳየን ወዳልቻለው ነገር ልምጣ። ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው የሄሜቲ ኃይል በ2005 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በዳርፉር ጃንጃዊድ ይባሉ ከነበሩት ታጣቂዎች የተውጣጣ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በሕግ ታወቀ። አዛዡ በዳርፉር የጀበል አምር የወርቅ ስፍራን በእጁ ካስገባ በኋላ፣ ይህ ኃይል ከመንግሥት በጀት ሌላ የራሱ ገቢ ያለው ሆነ። የጦር ሠራዊቱም ቢሆን የራሱ ፋብሪካና ንግድ የነበረው ነው። እንግዲህ አንድ አገር ሁለት ገንዘብ ያዥ፣ ሁለት ፔሮልና ሁለት የጦር አለቃ ነበረው ማለት ነው። በሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ራሱን ይነቀንቃል።

ኅዳር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሥልጣን ለሲቪል ይመለስ ተብሎ የመነሻ ስምምነት ሲፈረም፣ የቀረው ትልቁ ጥያቄ ፈጥኖ ደራሹ ከሠራዊቱ ጋር በስንት ጊዜ ይቀላቀል የሚለው ነበር። ሠራዊቱ በ2 ዓመት አለ፤ ሄሜቲ በ10 ዓመት አሉ። ልብ ይበሉ፤ ይህ የስምንት ዓመት ልዩነት በቃላት ብቻ የቆመ ነገር አይደለም። የወርቁ ገቢ፣ የወታደሩ ደመወዝና የሹመቱ ሥልጣን በማን እጅ ይቆያል ማለት ነው። በዚያ ጊዜ በቴሌቪዥን ያየነው ግን የተሸለመ አዳራሽ፣ ጠረጴዛና ብዕር የያዙ ሰዎችን ነው። እኛም «እሰይ፣ ተስማሙ» ብለን ጣቢያ ለወጥን። አምስት ወር ሳይሞላ ካርቱም እሳት ሆነች።

ሥዕሉ ራሱ ከየት እንደሚመጣም መጠየቅ ይገባል። በኦምዱርማን ያለው የሱዳን ራዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ ጦርነቱ እንደ ተጀመረ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ገብቶ፣ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ወሬ መናገሪያው ቤት ራሱ የጦር ሜዳ ነበር። የምንመለከታቸው የውጭ ጣቢያዎችም ባለቤት አላቸው። አልጀዚራን የሚደጉመው የካታር መንግሥት ነው፤ አል ዐረቢያ የሳዑዲዎች ነው፤ ስካይ ኒውስ ዐረቢያ መቀመጫው አቡዳቢ ነው። ወታደሮቹ በ2011 ዓ.ም. የአልጀዚራን ቢሮ ዘጉ፤ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን መንግሥት አል ዐረቢያን፣ አል ሐደስንና ስካይ ኒውስ ዐረቢያን አገደ። እነዚህ ጣቢያዎች ሁሉ ውሸት ይናገራሉ ማለቴ አይደለም፤ በውስጣቸው ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው የሚሠሩ ጋዜጠኞች አሉ። ነገር ግን የሱዳን መንግሥት «የተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ፈጥኖ ደራሹን ያስታጥቃሉ» ብሎ ሲከስ፣ ኤምሬቶች ደግሞ ክሱን ሲክዱ፣ ወሬውን ከአቡዳቢ ጣቢያ የሰማና ከሌላው የሰማ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ይዞ ወደ ቤቱ ሊገባ አይችልም።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ሱዳን ኤምሬቶችን በሄግ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ፍርድ ቤቱም ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። በማግስቱ በሮቤ ያገኘኋቸው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ «ኤምሬቶች ነጻ ወጡ»፣ ሌላው «ፍርድ ቤቱ ተገዛ» ሲሉኝ ነበር። ሥልጣን የለኝም ማለት ግን ነጻ ማለትም ጥፋተኛ ማለትም አይደለም፤ ፍሬ ነገሩ አልታየም ማለት ነው። ወረዳ ፍርድ ቤት አንድ ቀን የዋለ ሰው ይህን ልዩነት ያውቀዋል፤ የቴሌቪዥኑ አርእስት ግን ለዚህ ቦታ የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ሥዕል የሌለበት ጊዜ ነው። በሰሜን ዳርፉር ያለችው ኤል ፋሸር ከ500 ቀን በላይ ተከባ ቆየች። ከከተማይቱ አጠገብ ባለው በዘምዘም የተፈናቃዮች ሰፈር ረኀብ መግባቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተረጋግጦ ተነገረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሮቤ ቡና ቤቶች ስለ ኤል ፋሸር የሚነገረው ጥቂት ነበር፤ ምክንያቱም የሚታይ አልነበረም፤ ጋዜጠኛ መግባት አይችልም፤ ስልክና ኢንተርኔትም በየጊዜው ይቋረጣል። ከተማይቱ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በፈጥኖ ደራሹ እጅ ስትወድቅ ለዓለም የደረሰው ሥዕል ገዳዮቹ ራሳቸው በስልካቸው ያነሡት ነበር። ከዚያ ሌላ የነበረው በአሜሪካ በየል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በሳተላይት ከተነሣ ፎቶግራፍ ላይ መሬቱን እየመረመሩ ያወጡት መግለጫ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ጸጥ ባለ ጊዜ «አሁን ረግቧል» ማለታችን ትልቅ ስሕተት ነው። ጸጥታው ራሱ ወሬ ነበር።

በዚህ ነገር የባሌ ሰው ከሌላው ይልቅ ቶሎ ሊገባው በተገባ ነበር። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በዚህ አገር ዐመፅ በነበረ ጊዜ፣ በሩቅ ሆኖ የሚደመጠው የእኛ ጉዳይ ነበር። የሞቃዲሾ ራዲዮ ለእኛ በኦሮምኛ የሚለው አንድ ነበር፤ የአዲስ አበባው ራዲዮ የሚለው ሌላ ነበር፤ የማይናገረውም ብዙ ነበር። ሽማግሌዎች ሲያወጉ እንደምንሰማው፣ በመካከሉ የነበረው ገበሬ ከሁለቱም ራዲዮ ውስጥ ራሱን አላገኘም። የእርሱ ጭንቀት ግብሩና የመሬቱ ጉዳይ ነበር፤ ይኸው ግብርና መሬት ደግሞ ለዐመፁ ዋነኛ ምክንያት ከነበሩት አንዱ ሲሆን፣ በሩቅ ያለ አድማጭ ግን የሰማው ስለ ሽፍታና ስለ ጀግና ብቻ ነበር። ዛሬ ስለ ገዚራና ስለ ዳርፉር ገበሬ እኛ የያዝነው ወሬ ከዚያ ምን ያህል ይሻላል?

ወደ ደመወዙ ጥያቄ ልመለስ። ካርቱም የጦር ሜዳ ስትሆን የሱዳን መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወደ ፖርት ሱዳን ተዛወሩ፤ የመንግሥት ሠራተኛው ግን ወሮች አልፈው ደመወዝ ሳይደርሰው ቀረ። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ከእነዚህም መካከል ስንት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ስንት አዋላጅ፣ ስንት አስተማሪ እንዳለ ማሰብ ነው። ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ካርቱምን መልሶ ሲይዝ ቤተ መንግሥቱ በቴሌቪዥን ታየ፤ ወታደሮቹ ሲጨፍሩም ታየ። ብሔራዊ ሙዚየሙ ግን ተዘርፎ ነበር።

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ማዕከላዊ ባንኩ የ500 እና የ1000 ፓውንድ ኖቶችን ሠራዊቱ በሚቈጣጠራቸው ክፍሎች ሲለውጥ፣ ፈጥኖ ደራሹ አዲሱ ኖት በእርሱ ይዞታ እንዳይሠራ ከለከለ። በዚያው ወር ጦርነቱ ያቋረጠው የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና በሠራዊቱ ይዞታ ተሰጠ፤ በሌላው ወገን ያለው ተማሪ ግን መስመሩን ካልተሻገረ በቀር የሚፈተንበት ስፍራ አልነበረውም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ሠራዊቱ ካሚል ኢድሪስን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ ሾመ፤ በሐምሌ ወር ደግሞ ፈጥኖ ደራሹና ተባባሪዎቹ በኒያላ ሌላ መንግሥት ማቋቋማቸውን አስታወቁ። እንግዲህ ሁለት ኖት፣ ሁለት የፈተና ዕድልና ሁለት ካቢኔ ማለት ነው። አገር ለሁለት ስትከፈል የምናየው በዚህ ነው፤ ካርታው የሚሠመረው ዘግይቶ ነው። በእነዚህ ቀናት ግን በሮቤ ያየሁት ክርክር ሁሉ ስለ ድሮን ነበር።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርጋል?» የሚል ቢኖር፣ ከመተማና ከኩርሙክ በኩል ሸሽቶ ወደ አገራችን የገባው ሰው ብዙ ሺሕ መሆኑን ላስታውሰው እወዳለሁ። በካርቱም ሠርተው ቤተሰብ ይረዱ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ብዙ ነበሩ። ወደ ሊቢያ ሊሻገሩ በሱዳን በኩል የሚያልፉ ወጣቶች ከዚህም ከባሌ ይሄዳሉ። ልጁ «ካርቱም ደርሻለሁ» ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁ የጠፋበት አባት፣ ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብሎ ከሚቃጠሉት ሕንፃዎች መካከል የልጁን ሰፈር ሲፈልግ የጄኔራል ደጋፊዎች ጭብጨባ እንዴት ሆኖ እንደሚሰማው አስቡት።

ስለዚህ በበኩሌ የማመለክተው እንዲህ ነው። የአገራችን ቴሌቪዥን የውጭ ጣቢያን ሥዕል ተቀብሎ ሲያሳይ፣ ሥዕሉ የማን እንደ ሆነና በየትኛው ቀን እንደ ተነሣ በጽሑፍ ቢያስቀምጥ፤ ዐረብኛ አጣርተው የሚያውቁ ወሬ አቀባዮችን ቢያበዛ፣ ለዚህም በአገሩ ሁሉ የሰው እጥረት የለም፤ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ያህልም በአማርኛና በኦሮምኛ ካርታ ዘርግቶ የሱዳን ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ደመወዝ ምን ላይ እንዳለ የሚያስረዳ ዝግጅት ቢጀምር መልካም ነው። ጋዜጣዎም እንዲሁ ቢያደርግ፣ በሮቤ ጋዜጣው ዘግይቶ የሚደርሰን ቢሆንም ይህን የመሰለው ጽሑፍ በሁለት ቀን አያረጅም።

በመሥሪያ ቤታችን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን አንድ ዶሴ ከፍተናል። በውስጡ የምናስገባው ቀኑን፣ የተባለውን ነገር፣ ያለውን ጣቢያና ከሳምንት በኋላ እውነት ሆኖ መገኘቱን ወይም አለመገኘቱን ነው። አሁን ክርክሩ ሲነሣ ዶሴው ይመጣል፤ ክርክሩም ያጥራል፤ ባለጉዳይም ይስተናገዳል። በዶሴው ውስጥ ባዶ የቀረው ዓምድ ደመወዝን የሚመለከተው ነው። ከአንባቢያን መካከል በዳርፉር ወይም በካርቱም ኖረው የተመለሱ፣ ወይም እዚያ ያለ የሥራ ባልደረባ ያላቸው ቢኖሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው በሁለቱ ወገን ምን እየበላ እንደሚያድር በዚሁ አምድ እንዲጽፉልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከሮቤ (ሲናና)